የዘር ማሽላው ቋጠሮ

ቆቦ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ፤ መቀስ አጠገቡ እያለ የጨርቁን ጫፍ በጥርሱ ነከስ አድርጎ በሁለት እጁ ጨርር አድርጎ ይቀደዋል። ያ ድምፅ በጆሮዬ በገባ ቁጥር የሽንኩርትና የዱቄት ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ፣ እናቴ አሮጌ ቀይ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በቀጫጭኑ ስትቀድደው ይታየኛል፣ ወዲያውም ያ የድሮ ቅናት ከሆዴ ሥር ብድግ ይላል። ሰው ልጅነቱን ሲያነሳ የሚታወሰው ደግ ደጉ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የማስታውሰው ስቀና ነው።

ቤታችን ከሮቢት ከፍ ብሎ፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን በሚያገኝበት ቦታ ላይ ነበር። በክረምት አባቴና ጎረቤቶቹ ጎርፉን በድንጋይና በእሾህ ጠልፈው ወደ ማሳ ይመልሱት ነበር፣ ያ ቀይ ውሃ ጠጥቶ ያደገው ማሽላም እንጀራችን፣ ቆሏችን፣ የከብቶቻችን አገዳ፣ ለእኛ ለልጆች ደግሞ የምናኝከው ጥንቅሽ ነበር። ከገበያ የምናመጣው ጨውና ላምባ፣ ሲገኝም ስኳር ነው። ዘር ግን አይሸጥም አይገዛም ነበር፤ የጎደለበት ሰው ቅሉን ይዞ ጎረቤት ይሄድና ተሰፍሮለት ይመለሳል፣ በዓመቱም ይመልሳል። እናቴ፣ የሚበላ ያጣ ሰው አንድ ክረምት ይራባል፣ ዘር ያጣ ግን ቤቱ ይፈታል ትል ነበር።

ኅዳር ሲገባ ዘር የሚመርጡት ሴቶች ነበሩ፣ ከሴቶቹም መካከል የእናቴ የዘሃራ ዓይን የተመሰገነ ነበር። ማሽላው ሳይቆረጥ በፊት ማሳውን ስትዞር ውላ፣ የወደደችውን ዛላ አንገቱ ላይ በቀይ የጨርቅ ቅዳጅ ታስረው ነበር፣ አጫጆቹም ቀይ ያለበትን ለብቻው ቆርጠው ያመጡላታል፣ እሷም ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እያልኩ ቅዳጁን አቀብላት ነበር፣ አንድ ቀን ተራው የኔ እንደሚሆንም ለአፍታ አልተጠራጠርኩም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ልክ ማሽላው ሲደርስ፣ እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ሆነች። አራስ ከቤት አይወጣም፣ የደረሰ ማሽላ ደግሞ አይጠብቅም። ቀይ ቀሚሷን እመደብ ላይ እንደተቀመጠች ቀድዳ ቀድዳ ጨረሰችና ዘነቡን አስጠራቻት። ዘነቡ የጎረቤታችን የእትዬ ታደሉ ልጅ ናት፣ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እነሱ ክርስቲያን እኛ ሙስሊም ብንሆንም አንዳችን ከሌላችን ጓዳ ሳንወጣ ነው ያደግነው። የተከለችው ሁሉ የሚጸድቅላት፣ ረጋ ብላ የምትናገር፣ ተራጋጯ ላማችን እንኳ ለእሷ ሲሆን ቀጥ ብላ የምትታለብላት ልጅ ነበረች። እናቴ ቅዳጁን እፍኟን ሙሉ ሰጥታት፣ «ዘንድሮ አንቺ ምረጪልኝ የኔ ልጅ፣ ሉባባ ቅርጫቱን ትያዝልሽ» አለቻት። ሉባባ እኔ ነኝ። «የኔ ልጅ» የተባለችው ግን እሷ ነበረች።

ዘነቡ ያን ቀን የዋለችው ማሳው ዳር፣ ጎርፉ የማይደርስበት ድንጋያማው ጫፍ ላይ ነው። አገዳው አጠር ያለ፣ ቀድሞ የደረሰ፣ ጭብጥ የምታህል ዛላ የያዘ ስታገኝ በጣቷ ዳበስ ታደርገውና በላላ ቋጠሮ፣ ጫፉን ሲስቡት በሚፈታ አስተሳሰር ታስረው ነበር። ጎርፉ በሚገባበት በኩል እኮ እንደ ክንዴ የወፈረ ዛላ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ዞር ብላም አላየችው። ይቺ ምን ታውቃለች አልኩ በልቤ። ሲመሽ ለመራጭ እንደሚደረገው ከመረጠችው ላይ አንድ እቅፍ ቆርጣ፣ በተረፋት ቀይ ቅዳጅ ጠቅልላ አስራ፣ ወደ እናቷ ቤት ይዛ ገባች፣ እኔም ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ወፍ እንድጠብቅ ተላክሁ። ወንጭፌን ማማው ላይ ትቼ ወረድኩና ቅዳጁን ከእነዚያ ከሲታ ዛላዎች አንድ በአንድ እየፈታሁ፣ በጎርፉ አፍ ላይ ወዳሉት ወፋፍራም ዛላዎች እየወሰድኩ፣ እንዳይፈታ አድርጌ ሁለት ጊዜ ደራርቤ፣ ጥጃ እንደማስር አሰርኩት። ይህን ያደረግሁት የእሷ ምርጫ እንዲበላሽ ይሁን ወይስ የኔ እንዲበልጥ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ዘሩ ተቆርጦ የገባ ቀን ዘነቡም ቤታችን ነበረች። እናቴ ሕፃኑን አጠገቧ አስተኝታ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች፣ አልፈታ ያላትንም በጥርሷ እየታገለች ፈታችው፣ ከዚያ አንዱን ወፍራም ዛላ አንስታ ይህ የቆመው የት ነው ብላ ጠየቀች። ዘነቡ ዛላውን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። «ዘንግቼዋለሁ እትዬ» አለች። ዘር የሚመርጥ ሰው ዘሩ የቆመበትን አይዘነጋም ብላ እናቴ ገሠጸቻት፣ ዘነቡም አንገቷን ደፋች፣ እኔ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ አራስ ሊጠይቁ የሚመጡ ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው ጢሱ ላይ የተሰቀለውን እያዩ፣ ማሻ አላህ፣ የዘነቡ እጅ ይባረክ ይሉ ጀመር። ምርጫው የኔ፣ ምርቃቱ የሷ። ተናግሬ እንዳልወስደው ደግሞ ያደረግሁትን አውቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ ተዘራ። ክረምቱ ጥሩ ገባ፣ ጎርፉም እንደ ልማዱ መጣ፣ ማሽላችን ከቤታችን ጣሪያ በላይ ተመዘዘ። ነሐሴ ላይ ዘነቡ ስታልፍ እንድታየው ሆን ብዬ ከማሳው ዳር እቆም ነበር፤ ዘነቡ ያን ቀን ይዛው ከገባችው ዘር የበቀለው የእነሱ ማሽላ አጠር ብሎ፣ ቶሎ አብቦ፣ ምንም የሚያስኮራ ነገር አልነበረውም። ነገር ግን ዝናቡ መስከረም ሳይጋመስ ዓይኑን ጨፈነ። የእነሱ ፍሬውን ቋጥሮ ነበር፤ የእኛ ገና ቅጠል ላይ ነበር። ኅዳር ሲደርስ ዛላችን ሁሉ እንደ መጥረጊያ ባዶውን ቆመ። አባቴ ዝናቡ ነው እንጂ ምን ይደረግ እያለ ለከብት አጨደው፣ ያን ዓመትም ከምድጃችን በላይ የተሰቀለ ነገር አልነበረም። የበላነው አጎቴ ከዋጃ በአህያ የላከውን ነው።

የመዝሪያው ወቅት ሲቃረብ እናቴ ቅሉን አንስታ ሰጠችኝና፣ «እነ ታደሉ ቤት አንቺው ሂጂ» አለችኝ። ዘር ለመጠየቅ ልጅ አይላክም ነበር። ዘነቡ ጥያቄዬን እንኳ ሳትጠብቅ በርጩማ ላይ ወጥታ ከጢሱ ላይ አንድ እቅፍ አወረደች፤ በጥቀርሻ ጠቁሯል፣ ግን የታሰረበትን ቅዳጅ አወቅሁት። ጫፉን ሳብ ስታደርገው ተፈታ። ዛላውን ፈልፍላ ቅሉን ሞላችልኝ፣ ቅዳጁንም አጣጥፋ ከላይ አድርጋ፣ «ይኸም የናንተ ነው» አለችኝ። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ኖሮ እጠላት ነበር፣ እገላገልም ነበር፤ እሷ ግን ያንንም ነፈገችኝ፣ እኔም በደግነቷ ሳይቀር ቀናሁባት።

ከዚያ በኋላ ኅዳር በመጣ ቁጥር እናቴ ይዛ የምትወጣው ዘነቡን ሆነ፣ እኔም በትምህርቴ አሳበብኩ፣ ትምህርቱም ወስዶኝ አሁን ቆቦ ላይ አስተማሪ ነኝ። ዘነቡ እዚያው አግብታ ቀረች። እሷና የሰፈሩ ሴቶች አንድ የጭቃ ቤት ሠርተው የሁሉንም ዘር በቅልና በእንስራ ያኖሩበታል፣ ማን እንደመረጠው፣ የት እንደቆመ፣ ስንት ዝናብ እንደጠጣ እሷን ሲጠይቋት ሳታወላውል ትናገራለች። መንገዱ በተዘጋበት ክፉ ዓመት፣ ከወልድያም በኩል ከዋጃም በኩል መኪና በጠፋበት ጊዜ፣ ሰፈራችን የሰቀለውን አውርዶ ዘራ፣ ከጎብዬ ገጠር ድረስ ቅል ይዘው በእግራቸው የመጡም ነበሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ከተማ ውስጥ የተዘጋ ሱቅ እያንኳኳሁ ነበር። ዘነቡ የማሽላ ዱቄት በሰው ላከችልኝ። ልመርቃት ይገባኝ ነበር፤ እየበላሁ ቀናሁ።

ያለፈው ኅዳር እናቴን ልጠይቅ ወጣሁ። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ቢሆንም ማሳ መውጣቷን አልተወችም፤ ዘነቡ እጇን ይዛ ትመራታለች፣ እሷም ዛላውን በጣቷ እየዳበሰች ይሄ ይሁን፣ ይሄ ይቅር ትላለች። ዘነቡ እናቴን የምትመራበት እጇ ነፃ ስላልነበረ ቅዳጁን ለኔ ሰጠችኝና እኔ ማሰር ጀመርኩ። በዕድሜዬ ሁሉ የተመኘሁት ሥራ በመጨረሻ እጄ ገባ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ። ጥቂት እንደሄድን የእናቴ ጣት አንዱ ዛላ አንገት ላይ አርፎ ቆመ፣ ቋጠሮውን ነካ ነካ አደረገችው።

«ይቺ ሉባባ ናት» አለች እየሳቀች። «ዛሬም ጥጃ ነው የምታስረው።»

ቋጠሮዬን የት ታውቂዋለሽ አልኳት። ያን ጊዜ በጥርሴ አይደል እንዴ የፈታሁት፣ ድዴን አድምቶኛል እኮ አለችኝ። ዘነቡ እጇን ቀስ ብላ ለቀቀቻትና ሌላ መደዳ ያየች መስላ ራቅ አለች።

«አውቀሽ ነው ታዲያ የዘራሽው?»

«አዎን። የልጄ ዓይን ነው ብዬ ነዋ» አለችኝ፣ እጇንም ወደሚቀጥለው ዛላ ሰደደች።

ያ ሽማግሌ ጨርቁን ሲቀድድ ስሰማ አሁንም እቆማለሁ። በዘነቡ መቅናቴን ተውኩ ብል ውሸት ነው፤ በኪሎ የገዛሁት የዱቄት ፌስታል እጄን ሲቆርጠው ያ የጭቃ ቤትና በውስጡ ያለው ሁሉ ትዝ ይለኛል። ግን ከሷ ይልቅ የምቀናው በዚያች በአሥር ዓመቷ ልጅ ሆኗል። እናቷ ማን እንዳሰረው እያወቀች የዓመት እህሏን በሙሉ በእሷ ምርጫ ላይ ዘርታው ነበር፣ እሷ ግን ማማ ላይ ተቀምጣ አልተመረጥኩም ብላ ታለቅስ ነበር።