ፍሬኑን እንደረገጥኩ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከመኪና ሥር ነበር። የአባቴ አጎት አያ ደምለው በጣሊያን ጊዜ ከመንገድ ሠሪዎች ጋራዥ ብረት መፍታት የተማሩ ሰው ናቸው። የዛገ ነገር እምቢ ሲላቸው በፍም ያሞቁታል፤ ከዚያ ፍሙን ገለል አድርገው ላምባ ጠብ ጠብ ያደርጉበትና ተረት ይጀምራሉ። ላምባው እስኪጠልቅ አንድ ተረት ይበቃል ይሉ ነበር።

አባቴ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም እህል የሚያመላልስበት አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው፤ እጁም ፈጣን ነበር። ያኔ እናቴም፣ እኔም፣ የቤታችን በቅሎም ዱላውን እኩል ቀምሰናል። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «አንቺ!» ነበርኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የጥር ከሰዓት በኋላ። ፍሬኑን ሊጠግን የኋላውን ጎማ አወለቀ፤ ቀጥሎ መውጣት ያለበት ጎማው የሚታሰርበት ክቡ ብረት ነበር፤ ታምቡር ይሉታል። የመሃሉን ትልቅ ብሎን ሊፈታ ሲል ታምቡሩ አብሮ እየዞረ አስቸገረው።

«አንቺ! ግቢና ፍሬኑን ርገጪ! ልቀቂ ሳልልሽ ብትለቂ እገድልሻለሁ!»

ከወር በፊት እንዲሁ ስረግጥ እግሬ ዝሎ ለቀቅሁና መፍቻው ዞሮ ጣቱን ደቆሰው። በቀበቶ የገረፈኝ ሰንበር ገና ጀርባዬ ላይ ነበር። ስለዚህ ከወንበሩ ጫፍ ተንጠልጥዬ፣ መሪውን ጨብጬ፣ ሰውነቴን በሙሉ ቀኝ እግሬ ላይ ጣልኩት። ብሎኑ ተፈታ። እኔን ግን ልቀቂ ያለኝ የለም። ረሳኝ።

ከዚያ መዶሻው ጀመረ። እያንዳንዱ ምት በወለሉ አልፎ ጥርሴን ያንገጫግጨው ነበር። «ውጣ! ውጣ አንተ የተረገምክ!» እያለ ብረቱን ይሳደባል። እናቴ ከደጅ ሆና «ኧረ በማርያም፣ ትሰብረዋለህ!» ስትል የወረወረው መፍቻ ከጆሮዋ አጠገብ ግድግዳውን ቦደሰው። እሷ ግን እውነቷን ነበር፤ ታምቡሩ ቢሰነጠቅ ምትኩ አገር ውስጥ መገኘቱም ያጠራጥራል፤ መኪናዋ ከቆመች ደግሞ የምንበላው የለም። ፍሬኑን ስለረገጥኩ ታምቡሩን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። መናገር ግን ፈራሁ፤ መልቀቅም ፈራሁ።

አያ ደምለው ጩኸቱን ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«በል፣ መዶሻውን አስቀምጥ።»

«ይተዉኝ አያ! ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ!»

«እሺ፣ ትገድለዋለህ። አስቀድሞ ግን ይሙቅ።»

ታምቡሩን በእጃቸው ሊያዞሩት ሞከሩ፤ አልዞር አላቸው። ቀና ብለው በመስኮቱ አዩኝ። ወዲያው ገባቸው። እግሬን እንዳነሣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ እምቢ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ልቀቂ ማለት ያለበት አባቴ ነው። ቢነግሩት ደግሞ መዶሻው ወደ ማን እንደሚዞር ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ፍም አስመጡ። ዛሬ ሳስበው ታምቡሩ ፍምም ላምባም አያስፈልገውም ነበር፤ ያን ሁሉ ያደረጉት ለአባቴ ነው።

የላምባው ጭስ በወለሉ ቀዳዳ ገብቶ ዓይኔን እየለበለበኝ፣ ፍሬኑን እንደረገጥኩ፣ ተረቱን ሰማሁ።

«አንድ ሰው አመሻሽ ላይ ከገበያ ሲመለስ የገዛ በሩ አልከፈት አለው» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ገፋ፣ እምቢ። ተሳደበ፣ እምቢ። በገዛ ቤቴ! ብሎ መጥረቢያ አነሣ። አንድ ሲል ሳንቃው ተሰነጠቀ። ሁለት ሲል ተበሳ። ሦስት ሲል መጥረቢያው ደም ይዞ ወጣ። ከበሩ ጀርባ ልጁ ነበረች። ጠዋት ሲወጣ፣ ጅብ እንዳይገባ በሩን በጀርባሽ ደግፊ፣ እስክጠራሽ እንዳትለቂ ብሏት ነበር። በስሟ አንድ ጊዜ ቢጠራት ትከፍትለት ነበር።»

አባቴ ታምቡሩን አየ፤ ከዚያ የመኪናዋን በር አየ።

በሩ ሲከፈት መዶሻው እጁ ላይ ነበር። «ልቀቂ አላልከኝም» አልኩትና ዓይኔን ጨፈንኩ። መዶሻው መሬት ሲወድቅ ሰማሁ።

«ጥሩነሽ» አለኝ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። «ልቀቂ ልጄ።»

እግሬ ግን ደንዝዞ እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ከፔዳሉ ላይ አነሣልኝ። አያ ደምለው ታምቡሩን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርገው ሳቡት፤ ወጣ። ከመዶሻው ጠባሳ በቀር አንዳች አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ አልመታሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። መታኝ እንጂ! ሰው እንደ ብረት በአንድ ተረት አይላቀቅም። ግን ጥሩነሽ እያለ ጠራኝ፤ እስኪሞት ድረስ።

ሁለቱም አልፈዋል፤ እኔም አርጅቻለሁ። መኪና መንዳት አልተማርኩም። ዛሬም ግን ሰው ሲጮህ፣ በሌላ ሰው ላይ እንኳ ቢሆን፣ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፤ አንድ ሰው በስሜ እስኪጠራኝ ድረስ አይለቅም።