ካርታው የታጠበ ዕለት

ተሻለች አብተው ማመስገን ታበዛ ነበር። አውቶቡስ ላይ ጠጋ ላለላት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች፤ ሱቅ ሄዳ “ሳሙና አልቋል” ሲሏት እንኳ አመስግና ነው የምትወጣው። የናዝሬት ሰው መቼም ለቀልድ አይሰንፍም፣ “ተሻለች ድንጋይ ቢያደናቅፋት ድንጋዩን ታመሰግናለች” ይላታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ከአንጀቷ ያመሰገነችው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ነጋሳ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር።

ሥራዋ ካርታ መጠበቅ ነበር። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍረው መሥሪያ ቤት ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከጋራዡ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ የእሷ ግዛት ናት። ካርታዎቹ ተጠቅልለው፣ ነፍሳት እንዳይበላቸው ናፍታሊን ተጨምሮባቸው በቆርቆሮ ቱቦ ይቀመጣሉ። እንደ ዛሬ ካርታ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚገለበጥበት፣ ኪስ ውስጥ ተከቶ የሚኬድበት ዘመን አይደለም። ዋናው ካርታ ከክፍሉ አይወጣም። ቆፋሪዎቹ ወደ መቂ ወይም ወደ ዝዋይ ሲወርዱ፣ ተሻለች ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ከላይ ዘርግታ በእጇ ትገለብጥላቸዋለች። ሲመለሱ ያ ግልባጭ ከጋራዡ ጀርባ፣ ኃላፊው ቆመው እያዩ ይቃጠላል። ካርታ ጠላት እጅ ይገባል የሚባልበት ጊዜ ነበርና፣ የጠፋበት ሰው ወዮለት።

ከዋናዎቹ ብዙዎቹ በንጉሡ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የተሣሉትም ወረቀት ላይ ሳይሆን አሚዶ የጠጣ ስስ ጨርቅ ላይ ነው። ታዲያ አርጅቶ ይጣል የተባለውን የጽዳት ሠራተኞቹ ወስደው ይዘፈዝፉታል። አሚዶው ቀለሙን ይዞ ይለቅና ነጭ፣ ልስልስ ያለ ጨርቅ ይወጣዋል። አቡጀዲ በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ተጠብቆ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ልጅ ወልዶ በካርታ ያልጠቀለለ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ የእማማ ዘርፉ ልጅ ወለደች። እማማ ዘርፉ ክፍሎቹን የሚያጸዱ ባልቴት ናቸው። ተሻለችም “ከበሩ ጀርባ ያለውን ይውሰዱ፣ የተጣለ ነው” አለቻቸው። ይህን ብላ የቡልቡላውን ካርታ ለመገልበጥ አወጣች። ያኔ ለስልክ ተጠራች። ሰው ሲቸኩል ምን ያስባል? ካርታውን እዚያው ከበሩ ጀርባ አቁማው ሮጠች።

የቡልቡላው ካርታ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ከዓለም ጤና ከተማ እስከ አብጃታ ሐይቅ ዳር፣ የት ተቆፍሮ ጣፋጭ ውሃ እንደተገኘ፣ የት ደግሞ ጥርስ የሚያበልዝ መራራ ውሃ እንደወጣ ምልክት ያለበት እሱ ብቻ ነው። መቆፈሪያው መኪና በዚያው ሳምንት ወደ ቡልቡላ እንዲወርድ ታዟል፤ እዚያ ሰውም ከብትም ውሃ ውሃ እያለ ነው።

ተሻለች ስትመለስ ካርታውን አጣችው። ሌላ ማንንም ሳትጠይቅ እማማ ዘርፉ ቤት ሄደች። ጨርቁ ሽቦ ላይ ተሰጥቷል፣ ጸአዳ ሆኗል። ጥጉ ላይ የአብጃታ ሐይቅ ዳር እንደ ወተት ጠብታ ደብዝዞ ቀርቷል። ከዚያ በቀር አገሩ በሙሉ ታጥቦ ሄዷል።

እማማ ዘርፉ ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። “ልሂድና ልናገር ልጄ። እኔ ነኝ ያጠብኩት። አሮጊት ምን ያደርጉኛል?”

“በእመቤቴ ዝም ይበሉልኝ! አራስ ይዘው የት ነው የሚሄዱት? ከበሩ ጀርባ ያቆምኩት እኔ ነኝ።”

ኃላፊው ጓድ ሐዲስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን ደግሞ ፈሪ ኃላፊ ከክፉው ይብሳል። ሠራተኛውን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰቡና “ካርታው ለማን ነው የተላለፈው?” ብለው ጠየቁ። ተሻለች “ጠፋብኝ” አለች።

“ካርታ እግር የለውም፣ ጓዲት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እስከ ዓርብ ካልተገኘ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል።”

ከእሳቸው እጅ የወጣ ነገር ወዴት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ተሻለች ቤቷ ሄዳ ለእህቷ ቁልፏን አስረከበች፣ ወፍራም ሹራብና የምትለውጠው ልብስ አዘጋጀች። አንድ ነገር ግን አንጀቷን አቆሰለው። ሾፌሩ ነጋሳ፣ ስንት ዘመን ካርታ የገለበጠችለት ነጋሳ፣ አይዞዎት እንኳ ሳይላት ከጋራዡ ጠፋ። “እሱም ፈራ” ብላ አዘነች።

ዓርብ ሠራተኛው እንደገና ተሰበሰበ። በሩ ላይ ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። ጓድ ሐዲስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከዓለም ጤና ሽንኩርት የጫነ መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ነጋሳ አቧራ ለብሶ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ወረደ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

“ያውላችሁ የቡልቡላው ካርታ። ግልባጩ ነው።”

ያ ግልባጭ አምና ነፋስ ወሰደው ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ነፋስ ወሰደው ብሎ የፈረመውም፣ ደመወዙን የተቀጣበትም ራሱ ነጋሳ።

“ዋሽተሃል ማለት ነው?” አሉ ጓድ ሐዲስ።

“ዋሽቻለሁ። ቡልቡላ እናቴ ቤት ጣራ ሥር ሸጉጬው ነበር። በወረድን ቁጥር ለአዲስ ግልባጭ ፈቃድ እስኪፈረም ስንት ሳምንት እንጠብቃለን? ውሃ የጠማው ሰው ፊርማ አይጠብቅም። እትዬ ተሻለች ግን ምንም አላወቁም። ካርታ ለሌላ የሚሰጡ ቢሆኑ እንዲህ ተጠንቅቀው ይገለብጡ ነበር?”

ከኋላ አንዱ፣ ደንብ አዋቂ ነኝ ባይ፣ “ግልባጭ ከተገኘ ወዲያው ይቃጠል ይላል መመሪያው” አለ። ጓድ ሐዲስ ዞረው አዩት። “አቃጥለን በምን እንቆፍራለን? በአንተ ምላስ?” አሉ። ሰው ሳይወድ ሳቀ። እሳቸውም ማኅተማቸውን አምጥተው “ዋና” ብለው ግልባጩ ላይ መቱበት። ዋናው ካርታ ተገኘ ተባለና የተሻለች ጉዳይ ተዘጋ። እነዚያ የታጠቁት ሰዎች ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ ነጋሳን ይዘው ሄዱ።

መቆፈሪያው ቡልቡላ ወርዶ ጣፋጭ ውሃ አወጣ። ተሻለችም ጓድ ሐዲስን ለምና፣ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ካርታ አንዳንድ ግልባጭ መቂ ባለው መጋዘን እንዲቀመጥ አስፈቀደች። “አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት” ትል ነበር።

ነጋሳ ወህኒ እስካለ ድረስ ስንቅ የሚያመላልሱት እሷና እማማ ዘርፉ ነበሩ፤ እየተፈራረቁ። አንድ እሁድ ተሻለች ሳህኑን ካቀበለችው በኋላ ሆዷ አልችል አላት።

“ለምን ዝም አላልክም ነጋሳ? ማን ይጠይቅህ ነበር?”

ነጋሳ የጎረሰውን ዋጠ።

“እትዬ ተሻለች፣ እዚያ ሜዳ ላይ አቧራ ሲነሳ ሰሜን ደቡቡ አይለይም። ያኔ የእርስዎን ካርታ ዘርግቼ ነው መንገዴን የማገኘው። ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ቤቴ ሲያስገቡኝ ኖረዋል። እኔ አንድ ቀን እርስዎን ቤትዎ ባስገባዎት ምን አለበት?”

ተሻለች የሽቦውን አጥር በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ዘበኛውም ሰዓት አልቋል ሳይል ፊቱን አዞረላት።