ክዳኑን ያላላሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ መናገር ለምን እንደቀለለኝ አትጠይቁኝ፤ ምናልባት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

ሰበታ፣ በጓደኛዬ በገዲሳ እናት ጓሮ ባለች ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ዝንብ የሚበላ ተክል እናባዛ ነበር። ቲሹ ካልቸር ይሉታል፤ ከአንዲት እናት ተክል ቅንጣት ቆርጦ፣ በእንፋሎት በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ፣ ጄሊ በመሰለ ምግብ ላይ ማሳደግ ነው። ክዳኑ ከላላ ሻጋታ ይገባል፤ ሻጋታ ከገባ አለቀ። ስለዚህ ከሁለታችን በቀር እዚያ ክፍል ማንም አይገባም። የገዲሳ እናት አዴ ጥሩነሽ እንኳ በር ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ዛሬስ አፏን ከፈተች?» ይሉን ነበር።

አንድ ቀን ቡራዩ ላለ አበባ ሻጭ ተክል ላደርስ ሄድኩ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ «አንተ የገዲሳ ተላላኪ ነህ አይደል? ሥራውን ብቻዬን ነው የጀመርኩት ብሎኛል» አለኝ። ተላላኪ! እናቲቱን ተክል ፈልጌ ያመጣሁት እኔ! ትንፋሼ እንዳይበክላት አፌን ሸፍኜ የቆረጥኳት እኔ! ወንድሜ ያልኩት ሰው ከጀርባዬ እንዲህ ሠራኝ። ደሜ ፈላ። ፊት ለፊት ለምን አልጠየቅሁትም? ወኔው አልነበረኝማ!

በማግስቱ ገዲሳ በሌለበት ገባሁና ክዳኖቹን አንድ በአንድ አላላሁ። የገዛ እጄን ሥራ በገዛ እጄ። ስወጣ በሩን እንኳ አልቆለፍኩም።

ጥምቀት ደርሶ ነበር። ለአዴ ጥሩነሽ በበዓል ያልተጠረገ ክፍል ነውር ነው፤ በሩን ክፍት ሲያገኙት ገብተው ወለሉን ጠረጉ። ብልቃጥ አልነኩም። በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም ሻግቶ አገኘነው። ገዲሳ ጥጉ ላይ የተረሳውን መጥረጊያ ሲያይ እናቱ ላይ ጮኸ፦ «የእንጀራ ገመዳችንን በጠስሽው!»

እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆሙ። እኔስ? እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። በደንብ የተዘጋ ብልቃጥ በመጥረጊያ አቧራ እንደማይሻግት አውቃለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።

ገዲሳ ከዳኝ፣ እሺ። እሳቸው ምን አደረጉኝ?

ሥራው ፈረሰ፤ እኔና ገዲሳም ተለያየን። እናቱን ግን ዛሬም ድረስ በደህና ቃል አያናግራቸውም አሉ። እኔ ዓለም ገና ገበያ አገኛቸዋለሁ። ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው «ልጄ፣ እኔው አሮጊቷ ነኝ ያበላሸሁባችሁ፤ ይቅር በለኝ» ይሉኛል።

እኔም፣ ስሙኝማ፣ ክዳኑን ያላላሁት እኔ፣ «ግድ የለም እማማ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜም ብያቸዋለሁ።