አራት ቁጥር፣ አለህ?

አጎቴ ስልክ ሲደውሉ ከሁለት ሦስት ቃል አያልፉም ነበር። ቦሌ ለሚ ባለ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ድራይቭ የሚባለውን፣ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ሣጥን ይጠግኑ ነበር። አንድ ቀን ወስደው በአንድ ኬብል የተያያዙ ድራይቮች አሳዩኝ። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው።

«አዛዡ፣ ማስተር የምንለው፣ በየተራ ‹አለህ?› ይላል። የተጠየቀው ‹አለሁ› ይላል። ሳይጠየቅ ትንፍሽ የሚል የለም፤ እኩል ካወሩ ይደናቆራሉ» አሉኝ።

ቤተሰቡንም የያዙት እንደዚያው ነበር። በየጠዋቱ ከገርጂ ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ታክሲ ውስጥ ሆነው ለእኛ ለወንድምና ለእህት ልጆቻቸው በዕድሜ ተራ ይደውላሉ።

«አራት ቁጥር፣ አለህ?»

«አለሁ፣ ጋሼ።»

ይዘጉታል። ስብሰባ መሃል ሲደርስብኝ «ኧረ እኚህ ሰውዬ!» እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ካረፉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስልኬን አየዋለሁ፤ ዝም ነው። ባለፈው እሁድ እቤታቸው ተሰብስበን ስናወራ ግን የቆጨን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ቀድሞ ደውሎ «ጋሼ፣ እርስዎስ አሉ?» ብሎ አያውቅም።