ወተት የመሰለው የጋሽ ተረፈ ገንዳ

ጋሽ ተረፈ ሰው ቤት ሲጋበዝ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያይ አይጠጣም። አይቶም የማይጠጣበት ቀን ይበዛል። ቡታጅራ ውስጥ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና እየተቆጣጠረ ሠላሳ አንድ ዓመት በሳኒቴሪያንነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የክትፎ ቤት ባለቤቶች ዛሬም በበራቸው ሲያልፍ ካዩት ሳይታወቃቸው ጠረጴዛ መወልወል ይጀምራሉ። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ አጥራችን አንድ ነው። ቤቴ ሲመጣ የራሱን ብርጭቆ በመሀረብ ጠቅልሎ በኮት ኪሱ ይዞ ይመጣል። ለምደነዋል፣ ማንም አይቀየመውም።

«እኔ ያየሁትን ብታይ አንተም ከቤትህ ውጭ አትበላም ነበር» ይለኛል። ከዚያ ያየውን ይነግረኛል፦ ቅቤ ውስጥ የተገኘ የአይጥ ጭራ፣ እንትፍ ተብሎበት የተወለወለ ሹካ፣ ከሽንት ቤት አራት እርምጃ ርቆ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ። ሲያወራ የላይ ከንፈሩ ወደ አፍንጫው ይሰበሰባል። የሚያወራኝ ደግሞ ሁልጊዜ ምሳ ላይ ነው።

«በሥራ ዘመኔ ብዙ ቤት አሽጌአለሁ፤ የከፈትኩት ግን አንድም የለም» አለኝ አንድ ቀን። ይህን ባለ በወሩ ጓሮው ውስጥ የዓሣ ገንዳ አስቆፈረ። ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለስኖ፣ ከዝዋይ ሃምሳ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት በጀሪካን አመጣ። ውሃው በላይኛው አጥር በኩል ከሚያልፈው ቦይ በቱቦ ይመጣል፤ ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት አለ፣ ወንፊቱ በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። ጠዋት ጠዋት በርጩማውን ይዞ ገንዳው ዳር ይቀመጣል። ታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ዓሦቹን አይበላቸውም፣ አይሸጣቸውም። «ንጹሕ ነገር ማየት አምሮኝ ነው» ነው የሚለው።

ባለፈው ኅዳር ባለቤቱ እትዬ ዘነበወርቅ የጓሮው እንሰት ደርሷልና ይፋቅ አለች። ጋሽ ተረፈ ቆጮ ይወዳል፤ ሲሠራ ማየት ግን አይችልም። ሴቶቹ እንሰቱን ጣውላ ላይ በተረከዛቸው ደግፈው ሲፍቁት አንዴ አይቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳቦ በላ። ስለዚህ ፋቂዎቹ ሲመጡ እሱ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በአረቅጥና በአገና አድርጎ፣ ወልቂጤ ልጁ ሩቲ ዘንድ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ተመለሰ። ቤት እንኳ ሳይገባ ከጓሮ ጮኸብኝ።

«ና! ና ውጣና ጉድ እይ!»

ወጣሁ። ገንዳው ወተት መስሏል፤ ወተት እንኳ አይደለም፣ ቅቤው የወጣለት አሬራ። ጠጠሩ ቀርቶ ጣት ቢያስገቡ ጣቱ አይታይም። ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው በላይ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ሰባቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገልብጠዋል። ከሁሉ የከፋው ሽታው ነበር፤ የቆመጠጠ፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሽታ። ጋሽ ተረፈ መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ዞር አለና አቅለሸለሸው።

«ኤጭ! ምን ዓይነት አውሬ ነው እንዲህ ያደረገብኝ!» አለ። ዓይኑ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱ ሄደ። እዚያ ቦዩ አጠገብ የሙባሪክ ጎማ ቤት አለ። ሙባሪክ ጎሚስታ ነው፤ የሰፈሩን ባጃጅ ሁሉ ጎማ የሚለጥፍ፣ ቀልዱ የማያልቅ ጎልማሳ።

ተከትዬው ሄድኩ።

«አንተ ሙባሪክ! ምንድነው የደፋህብኝ?»

«ሰላምታ ይቀድማል፣ ጋሽ ተረፈ» አለ ሙባሪክ ከጎማው ላይ ቀና ሳይል።

ጋሽ ተረፈ ጣቱን ወደ ሳፋው ቀሰረ። ሙባሪክ የውስጥ ጎማ ነክሮ ቀዳዳ የሚፈልግበት ሳፋ ነው። ውሃው ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ ዘይት ያብረቀርቃል፣ የሲጋራ ቁራጭና የጫት ቅጠል ይንሳፈፍበታል።

«ይሄ ውሃ ከተቀየረ ስንት ቀኑ ነው?»

«ከረመዳን ወዲህ የተቀየረ አይመስለኝም» አለ ሙባሪክ። ጎማ የሚያስለጥፉት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ።

«እሱን ነው ቦዩ ውስጥ የምትደፋው!»

«ወላሂ አልደፋሁም። ደግሞ ይዩት እንጂ፣ የኔ ውሃ ጥቁር ነው። የእርስዎ ነጭ ሆነ አይደል የሚሉኝ? ጥቁር ደፍቼ ነጭ የሚወጣልኝ ቢሆን ጎማ ስለጥፍ እውል ነበር?»

«ሳሙና ትጨምርበታለህ!»

«እጨምራለሁ። አረፋ ከሌለ ቀዳዳውን በምን ላግኘው?»

ሾፌሮቹ ደግመው ሳቁ። ጋሽ ተረፈ ደሙ ፈላ።

«ውሃው ምን ያድርግ! ቆሻሻው አንተ ራስህ ነህ!»

ሳቁ ቆመ። ሙባሪክ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየውና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ጋሽ ተረፈ ቤቱ ገብቶ በዚያ በድሮው የቢሮ ቋንቋ አቤቱታ ጻፈ። «ግለሰቡ የኅብረተሰቡን ጤና አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ…» ይላል። ራሱ ቀበሌ ወስዶ አስገባ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሁለታችሁም ቅረቡ ተባለ።

ከቀበሌ ሲመለስ አሥር ዓሣ ተገልብጧል። በረኪና አንሥቶ ገንዳውን በሙሉ ደፍቶ ሊያጥብ ሲል «እስቲ መጀመሪያ ዓሦቹን የሰጠህን ሰው ጠይቅ» አልኩት። ዝዋይ ያለው አብዱልሃፊዝ ዓሣ ማርባት የሚያውቅ ሰው ነው። ጋሽ ተረፈ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘው፣ እኔም ሰማሁ።

«በረኪናውን አስቀምጥ!» አለ አብዱልሃፊዝ። «ውሃውን በሙሉ ከደፋህ የምትጨርሳቸው አንተ ነህ። መጀመሪያ ቱቦውን ዝጋ። ምግብ አትስጣቸው። ከውሃው በብርጭቆ ቅዳና ሳትነካው አስቀምጥ። አረንጓዴ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ታች ከዘቀጠ ግን የገባበት ነገር አለ።»

«የገባበትንማ አውቄዋለሁ!»

«አወቅህም አላወቅህም አየር አጥተዋል። ከገንዳው ሢሶውን ብቻ ቀድተህ ጣል፣ ሰንብቶ ክሎሩ የወጣለት የበርሜል ውሃ ተካ። ከዚያ አየር ስጣቸው። እስከ ማታ አየር ካላገኙ አንድም አይተርፍህም።»

«አየር ከየት ነው የማመጣው?»

«እሱን እኔ ዝዋይ ሆኜ አላውቅልህም» አለና ዘጋ።

ከገንዳው ቀድቶ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። የራሱን ብርጭቆ አይደለም፤ የእንግዳውን። «ማስረጃ ነው፣ ነገ ቀበሌ ይዤው እሄዳለሁ» አለኝ። በባልዲ እየቀዳን ሢሶውን ስንቀይር፣ የሞተ ዓሣ እጁን በነካው ቁጥር ባልዲውን እየጣለ ይታጠብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

እትዬ ዘነበወርቅ ከጠዋት ጀምሮ ተኮሳትራ ነበር የዋለችው፤ ዓሣ አፍጥጦ ሲያያት ስለምትጸየፍ ገንዳው ጋ ድርሽ አትልም። ለእኛ ውሃ ልታመጣ ገባችና መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

«ቡላውን ማነው በብርጭቆ ያደረገው?» አለች።

«የምን ቡላ?» አለ ጋሽ ተረፈ።

«ይሄ ነዋ!» ብርጭቆውን አነሣችው። ላዩ ጠርቷል፤ ታቹ ላይ ሁለት ጣት የሚሞላ ነጭ ነገር ዘቅጧል። ጣቷን ነክራ በአውራ ጣቷ አሸችው። «ቡላ ነው። የኔ ቡላ! ከጠዋት ጀምሬ የት ገባ እያልኩ ስፈልግ! ፋቂዋን አደይን እንኳ ልጠረጥራት ነበር፣ ያቺን ምስኪን።»

ያን ጊዜ ነገሩ ወጣ። የተፋቀው እንሰት ሲጨመቅ ነጭ ውሃ ይወጣል። ሴቶቹ በኮባ ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ያሳድሩታል፣ ታች የሚዘቅጠው ቡላ ይሆናል። ሌሊቱን ቅጠሉ ተቀድዶ ሁሉም ሾልኮ ቦዩ ገብቷል፤ ከቦዩ በጋሽ ተረፈ ቱቦ ገንዳው።

«ቦዩ አጠገብ ምን አስቆፈራችሁ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ከኩሽናው ጀርባ እንፍቃለን ስልህ ‹ዝንቡ! ሽታው! ወደ ላይ አጥሩ ጋ አርቁልኝ!› ያልከው ማነው? ወልቂጤ የሸሸኸውስ?»

ጋሽ ተረፈ ብርጭቆውን ተቀብሎ አሸተተ። ጠዋት ያቅለሸለሸው ሽታ ነው። በየቀኑ ማዕዱ ላይ ያለው የቆጮ ሽታም እሱው ነው። ከንፈሩ ወደ አፍንጫው ተሰበሰበ፣ ግን የሚጸየፈውን ሰው ያጣ ይመስል ነበር።

ገንዳው ላይ ዓሦቹ አፋቸውን መክፈት እንኳ እየደከማቸው ነው።

«ሙባሪክ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አለው» አልኩ።

«አንተ ንገረው።»

«የሰደብከው አንተ፣ የምለምነው እኔ? እሱስ አይሆንም፣ ጋሼ።»

ሄደ። ጎማ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ቡላ ነው» አለ። «ከኔው ቤት ነው የመጣው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ቡላ አልለጥፍም» አለ ሙባሪክ።

«አየር ስጠኝ። ዓሦቹ እየታፈኑብኝ ነው።»

«ከቆሻሻ ሰው ቤት የወጣ አየር ይስማማቸዋል?»

ጋሽ ተረፈ አንገቱን ደፋ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን እንዲያ ብዬ ስናገር ማንም አልመለሰልኝም። ይቅር በለኝ።»

ሙባሪክ ወደ ጎን እንትፍ አለ። ጋሽ ተረፈ ምራቁ የወደቀበትን አይቶ ዓይኑን አነሣ። ከዚያ ሙባሪክ «ያቺን ባጃጅ አቅርባት» ብሎ ሾፌሩን ጠራ።

ኮምፕሬሰሩን ጓሮ አስገብተን ከቤቱ መብራት ሰካን። ቱቦው ጥቁር ነው፣ ሦስት ቦታ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ቱቦው ትንሽ ይታጠብ ይሆን?» አለ ጋሽ ተረፈ።

«ጋሽ ተረፈ!» አልን ሁላችንም በአንድ ላይ።

ሙባሪክ ጫፉን በጨርቅ ጠረገና እስከ ክንዱ ገንዳው ውስጥ ነከረው። ያ ግራሶ የጠጣ ክንድ ውሃው ውስጥ ሲገባ ጋሽ ተረፈ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ውሃው ተንፈቀፈቀ። ኮምፕሬሰሩ ሲግል እያሳረፍን፣ ሲቀዘቅዝ እያስነሣን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። አሥራ አምስቱ ሞተዋል። ሌሎቹ ተረፉ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሦስታችንም ቀበሌ ነበርን። ጋሽ ተረፈ ክሱን እንደሚያነሣ ተናገረ። ጸሐፊዋ ናዝሬት ምክንያቱን ይጻፉ አለችው። ቁጭ ብሎ ጻፈ፦ «የጠቆምኩት ሰው ጥፋት የለበትም። ቆሻሻው ከቤቴ ወጥቶ በእኔ ትእዛዝ ከተቆፈረ ጉድጓድ ቦይ ውስጥ የገባ ነው።»

«እንዲህ ከጻፉማ የሚቀጡት እርስዎ ነዎት» አለችው።

«አውቃለሁ ልጄ። ደንቡን ለሰው ሳነብ ነው የኖርኩት።»

ደጅ ስንወጣ ሙባሪክ እጁን ዘረጋለት። ከሥራ ተነሥቶ ነው የመጣው፤ ጥፍሩ ሥር እስከ አንጓው ጥቁር ነው። ጋሽ ተረፈ ያን እጅ አየው። ከዚያ ጨበጠው፣ ጥብቅ አድርጎ፣ ፊቱ ሬት እንደቀመሰ ሰው ተጨማድዶ። ሙባሪክ ሳቁን እየዋጠ ሄደ። ጋሽ ተረፈ ቀኝ እጁን ከኮቱ አርቆ እንደያዘ ቆመ። ሙባሪክ ጥጉን እስኪታጠፍ ጠበቀ። ከዚያ መሀረቡን አወጣ።