ዋሳችን ጓድ ሚካኤል

ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሳቄ ያመልጠኛል። በደርግ ጊዜ፣ ቡሬ አጠገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ሴቶቻችን እህል ተሸክመው ቡሬ መመላለሱ ስለመረራቸው፣ የወፍጮ ብድር ልንጠይቅ ከሽማግሌው አባላችን ከአያ ፈንቴ ጋር ፍኖተ ሰላም ወረድን። ቢሮው ውስጥ የጠበቀን ካኪ የለበሰ ኮስታራ ካድሬ ነው።

«ዋሳችሁ ማነው?»

«ሚካኤል ነዋ!» አሉ አያ ፈንቴ።

በካድሬ ፊት ታቦት ይጠራል? ካድሬው ግን ብዕሩን አነሣ።

«ጓድ ሚካኤል። ሥራው?»

«ሊቀ መላ...» ሲሉ እግራቸውን ረገጥኩና «ሊቀ መንበር!» ብዬ ጮኽኩ።

አያ ፈንቴ ደንግጠው ዞሩብኝ። «መቼ ሻሩት?»

«አድራሻው?» አለ ካድሬው።

«ከጉብታው ላይ፣ ጥዱ መሃል። በየወሩ በአሥራ ሁለት አገር ምድሩ ይሰበሰብለታል።»

«ስብሰባ ያዘወትራል። ጎበዝ ጓድ ነው!» ብሎ ጻፈ። እኔ ሳቄን ልውጥ ስታገል ላብ አጠመቀኝ።

ብድሩን ፈቀደልን። ልንወጣ ስንል ግን ተነሥቶ በሩን ዘጋና ወደ አያ ፈንቴ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«አባቴ፣ በአሥራ ሁለት ስትሰበሰቡ የኔንም ስም አንሡልኝ። የክርስትና ስሜ ወልደ ሚካኤል ነው።»