ከበረዶው ግግር በታች ያለችው ከተማ

ጉዞው የልጄ ሐሳብ ነበር። እሷ ሲያትል ነው የምትኖረው፣ እኔ ሎስ አንጀለስ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ድብ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ሲይዝ ያሳያል። ወዲያው ደወልኩላት።

“የት ነው ይሄ?”

“ካናዳና አላስካ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ትንሽዬ ከተማ አለች። ተራራው ላይ ትልቅ ግሌሸርም አለ፣ የበረዶ ግግር። ሶ፣ አንቺ ሲያትል ድረስ ድራይቭ አድርጊ፣ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። ኦገስት ላይ፣ ኦኬ?”

እሺ ያልኩት ለድቡ ብዬ አልነበረም። ልጄ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ከአንድ ቅዳሜና እሁድ በላይ አብረን ሰንብተን አናውቅም። ብዙ ቀን አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሄድ ታየኝ። ድብ ባይኖርም እሄድ ነበር።

የምሠራው ዳውንታውን፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው። ድሮ መውጫው ላይ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለኝ ነበር። ማሽኑ ከመጣ በኋላ መስኮት ወደሌላት አንዲት ክፍል አስገቡኝ። አሁን ሥራዬ ማሽኑ ትኬቱን አልቀበል ያለው ሰው ሲደውል መልስ መስጠትና በሩን መክፈት ነው። ሰውየውን በካሜራ ከላይ አየዋለሁ፤ እሱ እኔን አያየኝም። ብዙዎቹ የተቀዳ ድምፅ የሚሰሙ ይመስላቸዋል።

ከመሄዴ በፊት ባለው እሁድ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ወርጄ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ገዛሁ። ባለሱቋ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

“ሰው ለሠርግ ዲሲ ይሄዳል” አለች። “ድብ ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ።”

“ከልጄ ጋር ነው” አልኳት።

“እንደሱ ከሆነስ ጥሩ” አለች።

ሲያትል ስደርስ ልጄ በሩን የከፈተችው ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ እንደሰካች ነው። በእጇ ቆይ የሚል ምልክት ሰጠችኝና ወሬዋን ጨረሰች። ከዚያ አቀፈችኝ፤ ሳትለቀኝ ትከሻዬ ላይ እንዳለች ተናገረች።

“ማሚ፣ ሥራ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ሰጡኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። መንገድ ላይ ሆነሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።”

“ችግር የለም” አልኩ።

“እዚሁ ቆዪ፣ ማታ ማታ አብረን እንወጣለን። ግሌሸሩን ለከርሞ እናየዋለን።”

በማግስቱ ስነሳ ወደ ሥራ ሄዳለች። ቤቷ ንጹሕ ነበር፤ የማጥበው ሰሃን እንኳ አልተወችልኝም። በሩ አጠገብ ለጉዞው የገዛቻቸው ሁለት የዝናብ ጃኬቶች ተሰቅለዋል፤ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የእኔ ብቻ ሰፋ ይላል። እዚያ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ ልጠብቃት እንደሆነ ሳስብ የራሴን ጃኬት ከመስቀያው አወረድኩት። መኪናዬን አስነስቼ የካናዳ ድንበር ጋ ስደርስ ብቻ ደወልኩላት። “አር ዩ ሹር?” አለችኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን አዎ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዛፍ ነው። ዛፍ፣ ሐይቅ፣ ደግሞ ዛፍ። ሬዲዮው መጀመሪያ ተንሾካሾከ፣ ከዚያ ዝም አለ። ስልኩም ኔትወርክ ማግኘት አቆመ። ከነዳጅ ማደያ ነዳጅ ማደያ ቀኑ ያልቃል፤ ማደያው ያለው ሰው የሚጠይቀኝ ደረሰኝ እፈልግ እንደሆነ ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ድብ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ሣር ሲበላ አየሁ፤ ልክ ሰው እንደሚቀመጥ። ቀኝ እጄ ራሱ ተነስቶ አጠገቤ ያለውን ሰው ሊነካ ሄደ። ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ድቡን አልፌው ብዙ ከሄድኩ በኋላ ነው እጄን መልሼ መሪው ላይ ያደረግኩት።

ከተማዋ በካናዳ በኩል፣ ሁለት ተራሮች መሃል የገባች አንድ ሰፊ መንገድ ናት። ሞቴሉን ከመንገዱ መጨረሻ አገኘሁት። እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ፀጉራቸው የነጣ ቀጭን ሰውዬ ቆመዋል። መታወቂያዬን ተቀብለው ስሜን አነበቡ። ደግመው አነበቡት። ቀና ብለው በአማርኛ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ “ደህና ነሽ?” አሉኝ።

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ። “ደህና ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎ እንዴት ነዎት?”

“ከየት መጣሽ?”

“ከሎስ አንጀለስ። ድራይቭ አድርጌ ነው።”

“ምን አድርገሽ?”

“ነድቼ።”

“ነድተሽ” አሉና ፈገግ አሉ። “እንዲህ በይኝ እንጂ።”

ያን ምሽት መቀበያው ክፍል ውስጥ ሻይና ዳቦ ቆሎ ይዘን ተቀመጥን። በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ካናዳ ገብተው፣ በመጨረሻ እዚህ አካባቢ ባለ የማዕድን ማውጫ ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆነው እንደሠሩ ነገሩኝ። ማዕድኑ ሲዘጋ ሠራተኛው ሁሉ ሄደ። እሳቸው ቀሩ፤ ክፍል እያጸዱ፣ እንግዳ እየተቀበሉ ሞቴሉን ይጠብቃሉ።

“ለምን አልሄዱም?” አልኳቸው።

“የት እንደምሄድ ማሰብ ሰለቸኝ።”

“በመጨረሻ በአማርኛ ያወሩት መቼ ነው?”

“ከሰው ጋር?” አሉ። “ክፍል ሳጸዳ ለብቻዬ አወራለሁ። አንሶላ፣ ትራስ፣ መጋረጃ እላለሁ። እንዳይጠፋብኝ።”

ስለ በረዶው ግግር ስጠይቃቸው፣ ላይ ወጥተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። እንግዶች የሚያሳዩዋቸውን ፎቶ ብቻ ነው የሚያውቁት። “መኪና የለኝም። ቢኖረኝስ ከማን ጋር እወጣለሁ?”

“ነገ ከእኔ ጋር ይውጡ” አልኳቸው።

ጠዋት ከረባት አስረው መኪናዬ አጠገብ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

መንገዱ መጀመሪያ ወደ አላስካ ይሻገራል። በዚያ በኩል ፓስፖርት ጠያቂ የለም፤ አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንቹ ይጀምራል። ድቦቹ የሚመጡበት ጅረት ከዚያ ቅርብ ነው። ውሃው ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ሰዎች ካሜራ ይዘው በዝምታ ቆመዋል። ጅረቱ በዓሣ ተሞልቷል፣ ግማሹ ሞቶ ይሸታል። አንዲት ቡናማ ድብ ሁለት ግልገሎች አስከትላ ከጫካው ወጣች። ውሃው ውስጥ ገብታ አንድ ዓሣ ረገጠች፣ ሆዱን በላች፣ የቀረውን ትታ ተሻገረች። አንዱ ግልገል ተከተላት። ሌላው ወዲህኛው ዳር ላይ ቀርቶ ያለቅስ ጀመር፤ ልቅሶው ከሕፃን ልጅ አይለይም። እናትየው ዞር ብላ አላየችም። ግልገሉ አንዴ ወደ ውሃው፣ አንዴ ወደ ጫካው ይላል። የእንጨቱን አጥር ጨብጬ እንደነበር የተሰማኝ በኋላ ጣቶቼ ሲያሙኝ ነው። በመጨረሻ ዘሎ ገባ፤ ውሃው ትንሽ ወሰደው፣ ወጣ።

“ደረሰ” አሉ ሰውየው በሹክሹክታ።

ከዚያ ወደ ተራራው ወጣን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ገደል። እሳቸው የበሩን መያዣ ጨበጡ። ላይ ስንደርስ ምንም አይታይም፤ ሁሉም ነጭ ነው። ከመኪናው ወርደን ቆምን። ልጄ የገዛችልኝን ጃኬት እስከ አንገቴ ዘጋሁት።

“ይሄ፣ ይሄ ነጩ ነገር” አሉ በእጃቸው እያሳዩ፣ “ምን ነበር የሚባለው?”

“ደመና?”

“ደመና አይደለም። መሬት ላይ የሚተኛው። ጠዋት ጠዋት።”

“ጭጋግ።”

“ጭጋግ” አሉ። ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። “ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ውስጥ እየኖርኩ ስሙ ጠፋብኝ።”

አጠገባቸው ቆምኩ። ብዙ ቆይቶ ነፋስ መጣና ነጩ ነገር ከሥር ጀምሮ ተገለጠ። ከእግራችን በታች ሙሉው ሸለቆ በረዶ ነው። ሰፊ ወንዝ ተራሮቹን ዞሮ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ቁም የተባለ ይመስላል። ስንጥቁ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ሩቅ የሆነ ቦታ በረዶው ሲሰነጠቅ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰን። ልጄን አሰብኳት። በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ትሆናለች።

ሰውየው ከረባታቸውን አስተካክለው ፎቶ እንዳነሳቸው ጠየቁኝ። አነሳኋቸው።

“ለማን ልላክልዎ?”

“ለማንም። አንቺ ጋ ይቀመጥ።”

ስንመለስ የካናዳው ድንበር ጠባቂ መስኮቱን ከፍቶ እሳቸውን ሲያይ ገረመው። ከሞቴሉ ውጭ አይቷቸው አያውቅም። “አባትሽ ናቸው?” አለኝ። አይደሉም አልኩት። ታዲያ ምንሽ ናቸው ብሎ ግን አልጠየቀኝም፤ እለፉ አለን።

አንድ ቀን ጨምሬ ቆየሁ፣ ከዚያ ሄድኩ። ሲለዩኝ ሁለት እጄን ይዘው “አውርተሽ ሄድሽ” አሉኝ፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልገባኝም።

ሎስ አንጀለስ እንደገባሁ ለልጄ ፎቶዎቹን ላክኩላት። ደወለች። ግልገሎቹን ወደደቻቸው። “ከረባት ያሰሩት ሰውዬ ማን ናቸው?” አለችኝ። ልነግራት ስጀምር ሌላ ስልክ ገባባት። “ማሚ፣ አንዴ ሆልድ አድርጊልኝ፣ እንዳትዘጊው” አለች። ሙዚቃም ምንም የለውም፤ ጸጥታ ብቻ ነው። ቆየሁ። በኋላ ዘግቼ እራት ሠራሁ። በማግስቱ ስትደውል ስለ ሥራዋ አወራን።

ለሰውየው እሁድ እሁድ እደውልላቸው ነበር። ወሬያችን አጭር ነው፤ አየሩ፣ የመጣው እንግዳ፣ የወረደው በረዶ። ለገና እንኳን አደረሰዎ ልላቸው ከፌርፋክስ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አነሳች። እሳቸው አሁን እዚያ እንደማይሠሩ፣ ሕመም ጠንቶባቸው ወደ ደቡብ እንደወረዱ ነገረችኝ።

“ደቡብ የት?”

አታውቅም። የራሳቸው ስልክ እንደሌላቸው እኔም አውቃለሁ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። የበዓል ገበያ ስለሆነ መንገዱ ሞልቷል፤ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ቦታውን ልለቅለት እንደሆነ በጥሩምባ ጠየቀኝ። የምገዛውን ገና አልገዛሁም ነበር። ቢሆንም አስነሳሁና ለቀቅኩለት።